ለሰቃው ቡድን የተረኩት የአሜሪካ ቤዝቦል

ቤዝቦል ኳስን በዱላ መትቶ መሮጥ ነው። ተጫውቼው ባላውቅም ስለሱ ያላነበብኩት የለም። ባለፈው እሁድ የሰቃ ቡና ማጠቢያ ሠራተኞች የእግር ኳስ ቡድን በሽንፈት ብዛት ሊበተን ሲል፣ አምበሉ «ና አበረታታልኝ» አለኝ። የማጠቢያው ባለቤት አባ ፊጣም መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

ከእነሱ የባሰ እንደነበረ ልንገራቸው ብዬ ጀመርኩ። «በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ የቤዝቦል ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ከረመ። ለምን? ባለቤቶቹ ሌላ ከተማ ሁለተኛ ቡድን ገዝተው ጎበዝ ጎበዞቹን ወደዚያ ወሰዷቸዋ!»

ተጫዋቾቹ አቀረቀሩ። አንዱ አፉን በእጁ ያዘ። ታሪኩ የነካቸው መስሎኝ ባሰብኝ። «ተመልካች ጠፍቶ በሰው ሜዳ ሲንከራተቱ ከረሙ እኮ! ጥፋቱ የማን ነው? የባለቤቶቹ!»

አባ ፊጣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው ልጄ፣ ይበቃል፤ ገባኝ» አሉ። «አጥቂያቸውን ሰርቦ ወዳለው ሌላው ማጠቢያዬ መውሰዴ ጥፋት ነው። ነገ እመልሰዋለሁ።»

ስለ አጥቂው ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ተጫዋቾቹ ዞሩ።

«ሽማግሌ ብዙ ተልኮብኛል» አሏቸው፤ «ጢም ያላበቀለ ሲላክብኝ ግን ዛሬ ገና ነው።»