ባማንሻ አርባ ሰባት

ባማንሻን ትናንት ሸኘነው። ነጭ ለብሰን፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ በየመካከላችን መሐረብ ጫፍና ጫፍ ይዘን፣ ሙታናችንን ወደምናኖርበት የዝምታ ግንብ ኮረብታውን ወጣን። ስለ ሟች ክፉ አይነገርም ይባላል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ፊት ለፊት ስለው የኖርኩትን ዛሬ የምውጥበት ምክንያት አይታየኝም። ባማንሻ ጉረኛ ነበር። በግቢያችን ያለች ድመት እንኳ ይህን ታውቃለች።

ወደብ አካባቢ የመርከብ ገመድና የፋኖስ ዘይት ከሚሸጥ ሱቅ ይሠራ ነበር። መርከብ ላይ እግሩን ሳያሳርፍ ስለ ማዕበል የሚያወራ ሰው ነው። እኛ የቦምቤይ ፓርሲዎች፣ ከፋርስ የፈለስነው ሕዝቦች፣ የመጀመሪያውን የክሪኬት ቡድን አዋቅረን ጨዋታውን ካስተማሩን ሰዎች ጋር በገዛ አገራቸው ልንጋጠም ባሕር ስንሻገር፣ እሱም ተመረጠ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይኼ ነው። ከዚያ ወዲያ የቦምቤይ ሰው ጆሮ አላረፈም።

ከእንግሊዝ ሲመለስ ጃንጥላ ይዞ መጣ፤ ዝናብ በሌለበት ወር ይዞት ይዞራል። ሩዝ በሹካ ካልሆነ አልበላም አለ፤ ግማሹ ጢሙ ላይ ይቀራል። ነገሩ ሁሉ «እንግሊዝ አገር ቢሆን» ነው። አንድ ቀን ዓሣ ሻጯን ደረጃው ሥር አስቁሞ፣ «ይቺን እኮ እንግሊዝ አገር ለድመትም አይሰጧትም!» አላት።

«እንግዲያስ ድመት ሆነህ እዚያው አትቀርም ነበር?» አለችው ቅርጫቷን እየተሸከመች። «እኛም እናርፍ፣ እነሱም አይጥ ይቀልላቸው!»

በእኛ ዘንድ ሰው ከሥራው ወይም ከደረሰበት ነገር ስም ይወጣለታል፤ ስሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ለእሱ የወጣለት «አርባ ሰባት» ነው። ለማላገጥ ነበር ያወጣንለት፤ እሱ ግን እንደ ሜዳሊያ አንጠለጠለው። በዚያ ጉዞ በአንድ ግጥሚያ አርባ ሰባት ነጥብ አምጥቷል፤ ይህ እውነት ነው። ጋዜጣው የጻፈውን ቆርጦ ከቆቡ ገበር ውስጥ ከትቶ፣ ላገኘው ሁሉ ያወጣዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «ሃምሳ ልገባ ሦስት ነጥብ ብቻ ቀርቶኝ፣» ይላል፣ «ያ ዕውር ዳኛ ጉድ ሠራኝ!»

ዳኛው ዕውር አልነበረም። እኔ ኤዳልጂ ይህን የማውቀው በሌላው ጫፍ ዱላዬን ይዤ የቆምኩት የጨዋታ ጓደኛው እኔ ስለነበርኩ ነው።

ጨዋታው ከአንድ ባላባት ቤት አጠገብ በሚገኝ ሜዳ ላይ ነበር። እስከዚያ ቀን እዚህም እዚያም ስንሸነፍ ከርመናል፤ ከመካከላችን ሃምሳ የደረሰ አንድም አልነበረም። ያን ቀን ባማንሻ ምን እንደበላ እንጃ፣ ኳሷን እየቀጠቀጠ አርባ ሰባት ገባ። በሜዳው ዳር አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ የተገረዘ ቅርንጫፍ ያቃጥል ነበር። ጭሱ ጨዋታውን ወደሚያዩት ወይዛዝርት ሲዞር አንዱ ጌታ ጮኸበት። ሽማግሌውም ፈረስ የታጠበበትን ውኃ በባልዲ ይዞ ሊያጠፋው መጣ።

እሳት ለእኛ ቅዱስ ነው፤ ሻማ እንኳ በትንፋሻችን አናጠፋም። ቢሆንም ባዕድ አገር ነው፤ እሳቱም የራሳቸው፣ ውኃውም የራሳቸው። አይቼ ፊቴን አዞርኩ። ባማንሻ ገና ኳሷን መትቶ ነበር፤ ተጋጣሚው ከመሬት አንሥቷታል፣ ጨዋታው አልቆመም። መቺ ከመስመሩ ወጥቶ ሳለ ኳሷ ከጀርባው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ከመታች አለቀለት፣ ወጥቶ ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ የክሪኬት ተጫዋች የለም። እሱ ግን መስመሩን ለቆ ወደ ጭሱ መሮጥ ጀመረ።

«ባማን! ወዴት ነው? ተመለስ አንተ እብድ!» ብዬ ጮህኩ።

ኳስ የያዘው እንግሊዛዊ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ወረወረ፣ እንጨቶቹም ወደቁ። ባማንሻ ዞር ብሎ አላየም። የባልዲውን እጀታ ከሽማግሌው ጋር ተናነቀ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «አይሆንም፣ እሳቷን ይተዋት፣ ራሷ ትክሰም» ሲለው ይሰማኛል። ወይዛዝርቱ ከጃንጥላቸው ሥር ሳቁ፤ ወንዶቹ ሆዳቸውን ያዙ። ሌላ መቺ ገብቶ ጨዋታው ቀጠለ። እሱ ግን እሳቱ አመድ እስኪሆን ድረስ ቆቡን እንዳደረገ እዚያው ቆሞ ጠበቀው።

ማታ የቡድኑ አለቃ ሰብስቦን አበደ። «ለአንድ ክምር ቅጠል! ለአንድ ክምር ቅጠል ብለህ ሕዝባችንን ሁሉ መሳቂያ ታደርገዋለህ?» ባማንሻ አንገቱን ደፋ። አለቃው ወሬው ቦምቤይ እንዳይገባ ሁላችንንም አስማለን፤ የሚጠይቅ ካለም ዳኛው ተሳሳተ በሉ አለን። ባማንሻ ከማንም በላይ ለመነን፤ «አደራችሁን፣ ወንድሞቼ፣ ሰው ይስቅብኛል» እያለ። በመርከቡ ስንመለስ ውሸቱ ጣመው። ስዊዝ ቦይ ስንደርስ በወሬው የዳኛው አንድ ዓይን ጠፋ፤ ኤደን ወደብ ስንደርስ ሁለቱም። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ናቅሁት። በሕይወቱ አንድ ቀን ሰው ሆኖ በዚያው ያፈረ ሰው ምኑ ይከበራል?

ባማንሻ ሱናባይን ይፈልግ ነበር፤ የምንጸልይበትን የእሳት ቤት ካህን የኖሸርዋንጂን ልጅ። ለጉዞው የተመዘገበውም ለእሷ ብሎ ነው፤ ተራ የሱቅ ሠራተኛ ስለነበር ስም ይዤ ልመለስ አለ። እኔም ከእሱ ባላነሰ እፈልጋት ነበር፤ ግን ለማንም አልተናገርኩም። አባቷን ሊጠይቅ ሲሄድ «ኤዳልጂ፣ አንተ አብረኸኝ ነበርክ፣ መስክርልኝ» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

ለመልካም ነገር እንደሚደረገው ዓሣ ቀረበልን። ባማንሻ ወረቀቱን ከቆቡ ሊያወጣ ሲል ሽማግሌው ካህን በእጃቸው አስቆሙት።

«ጋዜጣውን አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ያን ሁሉ ወር በሰው አገር ስትቆይ፣ የማን ልጅ መሆንህን ያሳየህበት አንድ ቀን አለ?»

ከመጋረጃው ጀርባ የሱናባይ አምባር ሲንቃጨል ሰማሁ። ባማንሻ እኔን አየ። እኔ የዓሣዬን አጥንት መልቀም ያዝኩ።

«እንግዲህ... አርባ ሰባት ላይ ሳለሁ፣ ያ ዕውር ዳኛ ባይበድለኝ ኖሮ...»

«ዳኛውን ተወው።»

«ኤዳልጂ ይመስክር እንጂ! እዚያው ነበር!»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ ነው፣ ልጄ? ሌላ የምትለኝ ነገር የለም?»

«እንዲሁ ነው፣ አባቴ» አልኩ። «ዳኛው ዕውር ነበር።»

ምን ላድርግ፣ ምያለሁ። አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ። ሽማግሌው በር ድረስ ሸኙን፤ በማግስቱ የላኩት መልስ «ዛሬ ዳኛውን የሚያማ፣ ነገ ሚስቱን ያማል» የሚል ነበር። በዓመቱ እኔ ሄድኩ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። «የሚያስመካ ነገር አልሠራሁም» አልኳቸው። ትሕትናዬን ወደዱት፤ ሱናባይን ሰጡኝ።

ባማንሻ ሚስት ሳያገባ ከእኛ ማዶ፣ ከደረጃው ራስ ባለች አንዲት ክፍል ኖረ። በሠርጋችን ቀን ከሁሉ በላይ በላ፤ ስለ ዳኛውም ለሙሽሪት ዘመዶች አወራ። ጢሙ እስኪሸብት፣ ወረቀቱ ቢጫ እስኪሆን፣ እኔም ቃል በቃል እስክሸመድደው አወራ።

ትናንት ከኮረብታው ስንመለስ ሱናባይ የቤታችን እሳት ላይ ሰንደል እንጨት ትጨምር ነበር። የማታውን እሳት መመገብ ሁልጊዜ የእሷ ድርሻ ነው።

«ምስኪን» አለች። «በክፍሉ መብራት እንኳ የሚያበራለት ዘመድ የለውም።»

«አርባ ሰባት ነጥብ አለው አይደል፣ እሱ ያብራለት!» አልኩና ሳቅሁ። ደክሞኝም ይሁን፣ ከእንግዲህ የሚያፍር ስለሌለም ይሁን፣ ነገሩን ዘረገፍኩት። «ከሁሉ የሚያስቀው ምን መሰለሽ?» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ቅርንጫፉ፣ ስለ ባልዲው፣ አመድ እስኪሆን ቆሞ ስለመጠበቁ ነገርኳት። ለውርደት እንደሚነገር አድርጌ ነው የነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እንጨቱን እንደያዘች እጇ ቆመ።

«አባቴ ሲጠይቀው አጠገቡ ነበርክ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«አንተንም ጠየቀህ አይደል?»

«ጠየቀኝ። ግን መሐላ ነበረብን እኮ፣ ሱና...»

ትልቁን እንጨት መርጣ እሳቱ ላይ አኖረች፤ እስኪይዝም ጠበቀች።

«ያን ቀን እሱ አርባ ሰባት አመጣ» አለች ሳትዞር። «አንተስ ስንት አመጣህ?»

ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ጠይቃኝ አታውቅም።

«ምንም» አልኳት።

ነጠላ ጫማዋን አደረገች፣ ኩራዝ ከቤታችን እሳት ለኮሰች፣ ነፋስ እንዳያገኘው በመዳፏ ከልላ ወደ ማዶ ክፍል ተሻገረች። ለሟች መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠባቂ ያሻዋል፤ እራቴን ራሴ አቅርቤ በላሁ።