ያልተመለሰው ዊልቸር

የጨረታ ሥራ የጀመርሁ ቀን ጥላ ተሸክሜ ዋልሁ። ጣና ዳር ላለ አንድ ደብር ማሠሪያ ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር። አጫራቹ መሪጌታ ጥዑም ናቸው፤ እኔ ዕቃ አዟሪ ነኝ። የአዟሪ ሥራ ዕቃውን ከፍ አድርጎ በተጫራቾች መካከል መዞር ነው። ጥላውን አንድ ነጋዴ አሸነፉና «ለደብሩ መልሼ ሰጥቻለሁ» አሉ። እልልታው ቀለጠ፤ ያው ጥላ እንደገና ለጨረታ ቀረበ። እንዲህ ሲሸጥና ሲመለስ ውሎ ማታም እጄ ላይ ነበር።

«ምን ተማርህ?» አሉኝ መሪጌታ።

«ጥላው እንደማይሸጥ።»

«የምንሸጠው ቅናት ነው» አሉኝ። «የሚፎካከሩትን ፊት ለፊት አስቀምጣቸው። መነሻ ዋጋ አንተ አትጥራ። ማይኩን ደግሞ ለማንም አትስጥ።»

ሦስቱንም ሳልስት ያዝሁ። ኋላ ዋና አጫራች ሆንሁ። ከባሕር ዳር እስከ ይፋግ ቤተ ክርስቲያንም ይሠራ ትምህርት ቤት፣ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነበር።

አንድ ቀን ሐጂ ከማል ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፣ ቤቴ ድረስ መጡ። የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የአንድ አዲስ ኮሚቴ ሰብሳቢም ሆነዋል። የከተማቸው የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ቡድን አዲስ አበባ ለውድድር ተጠርቷል። ልጆቹ የሚጫወቱት በሆስፒታል ዊልቸር ነው፤ በሱ ደግሞ ውድድር መግባት አይቻልም። ጎማው ወደ ጎን ዘመም ያለ፣ ሲዞሩበት የማይገለበጥ የስፖርት ዊልቸር ያላት አምበሏ ሰላም ብቻ ናት። ካልተገዛላቸው ቀሩ ማለት ነው።

«ማጫረቱን እርስዎ ይያዙልን» አሉኝ ሐጂ። «መክፈቻውን ሰላም ትናገራለች።»

እኔ ባለሁበት መክፈቻ ሌላ ሰው ተናግሮ አያውቅም። ቢሆንም እሺ አልሁ።

የጨረታው ዕለት ሰላም አዳራሹ ፊት ወጥታ ብዙም አልተናገረች። እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኬ የማላስቆመው የተሰብሳቢው ኦቾሎኒ ፍልፈላ እሷ አፏን ስትከፍት ቆመ። ቅናት አንገበገበኝ። ማይኩን ስቀበላት ሳልነጥቃት አልቀረሁም።

የደንገል ታንኳ አቀረብሁ። ሐጂ ከማልን ከአቶ ሙላት ጋር ፊት ለፊት አስቀምጬ ነበር፤ ባለሆቴሉ አቶ ሙላት ከሐጂ ማነስ አይወዱም። ታንኳው ተሸጦ ተመለሰ፣ ደግሞ ተሸጠ። አዳራሹ የእኔ ሆነ።

ይኼኔ ሰላም እጇን አወጣች። ከዊልቸሯ ወርዳ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «ጋሽ አያልነህ፣ ይህንንም ያጫርቱልኝ» አለች። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እንዴት እኔ ቀድሜ አላሰብሁትም ብዬ ተብከነከንሁ። ተመልሶ እንደሚሰጣት ግን ማንም አልተጠራጠረም።

ከኋላ ጋቢ የለበሱ ሰው ዋጋ ጠሩ። የአንበሳሜ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ለገበያ መጥተው የመኪና ላይ ቅስቀሳችንን ሰምተው ነው የገቡት። አቶ ሙላት ጨመሩ፣ ሰውዬው ጨመሩ። አቶ ሙላት ተዉት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አልሁና የተለመደውን ቃል እንዲሉ ማይኩን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ዊልቸሩን ያዙ።

«መልሰው አይሰጡም?» አልሁ።

«ገዛሁት እኮ ወንድሜ! ልጄ መራመድ አቅቷት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ምኑን ነው የምመልሰው?»

ሐጂ ከማል ጠጋ ብለው «አያልነህ፣ ስሕተት ነው ይበሏቸው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ከተባለ ስሕተት የለም። ሰላምን አየኋት። እውነቱን ልናገር፣ ብታለቅስ ደስ ይለኝ ነበር።

«ሦስት ብለዋል ጋሼ» አለችኝ። «የሳቸው ነው።» ወደ ሰውዬው ዞር ብላም «ስትገፋው ጣቷን ከጎማው ሽቦ ታርቅ» አለቻቸው።

ሰውዬው ዊልቸሩን ተሸክመው ወጡ። እሷ ጎማ በሌለው ወንበር ላይ መሐል አዳራሽ ቀረች። ሐጂ ከማል ተነሥተው «አንድ ዊልቸር በእኔ» አሉ። አቶ ሙላት «ሁለት በእኔ» አሉ። ከኋላም ከጎንም ሰው ይነሣ ጀመር። ማንንም አልጠራሁም። ማይኩን ይዤ ቆሜ ነበር። ለቡድኑ በሙሉ ተሟላ፤ ለእሷም ተረፋት።

ቡድኑ ተወዳደረ። የአንበሳሜዋ ልጅም ዛሬ ከሰላም ጎን ትጫወታለች። ባለፈው የቡድኑ በዓል ላይ ጋዜጠኛ ማን እዚህ እንዳደረሳት ሲጠይቃት «ሰላም ናት፤ ወንበሯን ሰጠችኝ» አለች። እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የገዙት አባቷ ናቸው፤ የሸጥሁት እኔ ነኝ። ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብሁ። ቤቴ ስገባ ግን እራት አልበላሁም።

ሙያውን ለምትይዙ ልጆች የምለው ይህን ነው። ለጨረታ የምታቀርቡትን ዕቃ አይመለስም ብላችሁ አቅርቡት። ሲጨበጨብም ለእናንተ አይምሰላችሁ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ማይክ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።