ኳሴን ትቀበል የነበረችው ልጅ

የቢሮዬ በር እጀታ ጠዋት ጠዋት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ደባርቅ ላይ ብረት ሁሉ እንደዚያው ነው። ይዤ ስጠመዝዘው የእጄ አንጓ የቆየ ነገር ያስታውሰኛል፤ ያን ቀን ሙሉ ስናደድ እውላለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ ልታስተምር የመጣች አንዲት ፈረንጅ ለእኛ ለሴቶቹ ሶፍትቦል የሚባል ጨዋታ አሳየችን። ኳሱ ቢጫ ነው፤ ከብርቱካን ተለቅ ይላል። ወርዋሪዋ ከዳሌዋ ሥር ትለቀዋለች፣ ተጋጣሚዋ በዱላ ልትመታው ትሞክራለች፣ ከመቺዋ ኋላ ቁጢጥ ብላ በቆዳ ጓንት የምትቀልበው ደግሞ ተቀባይ ናት። እኔን ወርዋሪ አድርጋ "የሚነሳ ኳስ" የሚባለውን አወራወር አስተማረችኝ። "በር እንደምትከፍቺ አዙሪው" ትለኝ ነበር በተሰባበረ አማርኛዋ። መዳፌን ከኳሱ ሥር አስገብቼ ስለቀው ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ መሽከርከር አለበት። ያኔ መቺዋ ዘንድ ሲደርስ ዝቅ በማለት ፈንታ ሽቅብ ይላል።

ስድስት ወር ፈጀብኝ። ከትምህርት በኋላ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ጉሙ በሊማሊሞ በኩል ሲወጣ እወረውራለሁ፤ የልብ ጓደኛዬ፣ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ ትቀበላለች። መጀመሪያ ኳሱ መሬት ለመሬት ይሄድ ነበር። ከዚያ ወደ ሰማይ። አንዱ አገጯን ፈነከታት። ደሟን በሻሿ ጠርጋ፣ "ቶሎ ለቀቅሽው። እንደገና" አለችኝ። ሽክርክሪቱን ከእኔ ቀድማ የምታየው እሷ ነበረች። የኳሱ ስፌት አየሩን ሲቀድ ፉጨት ያሰማል፤ ያን ፉጨት መጀመሪያ የሰማን ቀን ጓንቷን ከግንባሯ በላይ አንስታ ነበር የቀለበችው።

ፈረንጇ አገሯ ከገባች በኋላ ጎንደር ላይ ውድድር አለ ተባለ። የስፖርት መምህሩ የስም ዝርዝር ለጠፈ። እኔ አለሁ፤ እሷ የለችም። በእሷ ቦታ አንዲት ረጅም የመረብ ኳስ ተጫዋች ገብታለች።

"ቲቸር፣ የእኔን ኳስ የምታውቀው እሷ ናት" አልኩት።

"መቀበል ደግሞ ምን ዕውቀት አለው? እጁን የዘረጋ ሁሉ ይቀበላል" አለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ስድስት ወር ሙሉ በሜዳው ዳር ሲያልፍ ያያት ነበር እኮ። አገጯ ላይ ያለውን ጠባሳም አይቷል። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን አፋጫለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእሱ ይልቅ የምናደደው በራሴ ነው። ያለ እሷ አልሄድም ማለት እችል ነበር። ሄድኩ።

ጎንደር ላይ ኳሱ እንደ ልቤ ተነሳ። መቺዎቹ ባዶ አየር መቱ። ሦስት ኳስ የሳተች መቺ ትወጣለች፤ ነገር ግን ሦስተኛውን ተቀባይዋ ካልያዘችው፣ ሜዳውን ዞራ ነጥብ ለማግባት መሮጥ ይፈቀድላታል። ረጅሟ ልጅ ልትይዘው አልቻለችም፤ ከጓንቷ በላይ እያለፈ አጥር ሥር ይገባል፣ እሷ እስክታመጣው እነሱ ሮጠው ነጥብ ያገባሉ። አለቀሰች። እሷስ ምን ታድርግ? መምህሩ "ቀጥ ያለውን ብቻ ወርውሪ" አለኝ። ወረወርኩ፤ እየመቱ ጨረሱን።

አመሻሽ ላይ ደባርቅ ስንደርስ ጓደኛዬ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ተነሳ?"

"ተነሳ።"

"እስከ የት?"

ከራሴ በላይ በእጄ አሳየኋት። ጥቂት አየችውና ባዶ እጇን አንስታ መዳፌን ነካች።

"እዚህማ እደርስ ነበር" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቦርሳዬን ተቀብላኝ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።