ለእኔ የተቆረሰው ዳቦ

የታሰርኩባት ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሚስማር ላይ የተሰቀለ ሮዝ ፎጣ ነው። ለሁላችንም አንድ ፎጣ። ሰልፍ በነበረበት ቀን፣ ሳህን ከማጥብበት ምግብ ቤት ወጥቼ ወደ ሶዶ ገበያ ስሄድ ፖሊሶች ከሰልፈኞቹ ጋር ያዙኝ። ሲጠይቁኝ ምን እንደምመልስ አላወቅሁም፤ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ጥፋት ቆጠሩት መሰለኝ።

የሚሰጠን የስንዴ ዳቦና ሻይ ነበር። እኔ አረካ አጠገብ ገጠር በቆሎ፣ ጎደሬና ቆጮ በልቼ ነው ያደግሁት። ስለዚህ በዳቦው መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሆዴ ይነፋ ጀመር። የበላሁት ሳይቆይ ይወጣል። ሽንት ቤት ለመሄድ በር ማንኳኳት አለ፤ ለማንኳኳት ደግሞ አፍራለሁ። ጃርዲያ ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጠኝ። አልተሻለኝም። እበላለሁ፣ እከሳለሁ። ምግቡ የት እንደሚሄድ ግራ ገባኝ።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የተቀቀለ ጎደሬና ዳጣ ታመጣልኝ ነበር። አብረውኝ የታሰሩት ሴቶች «ይህ በርበሬ ነው የሚያቃጥልሽ» ብለው ዳጣውን ወሰዱብኝ። በምትኩ ከየድርሻቸው ዳቦ ይቆርሱልኝ ጀመር። የተቆረሰልሽን መመለስ እኛ ዘንድ ነውር ነው። በተለይ አንዲት የልብስ ነጋዴ፣ ቤተሰቦቿ ከጉራጌ አገር የመጡ፣ በእጇ ታጎርሰኛለች።

«ብይ እንጂ! በዚህ ከቀጠልሽ በቁልፉ ቀዳዳ ማምለጥሽ ነው።»

ይስቃሉ። እኔም እየሳቅሁ እውጣለሁ። አንድ ቀን ልነሳ ስል ወደቅሁ።

አብራን የታሰረች ነርስ ነበረች፤ ሲስተር እንላታለን።

«ጎደሬ ስትበዪስ?» አለችኝ።

«ያን ቀን ትንሽ ይሻለኛል።»

ፎጣውን አውርዳ እጄን አስነካችኝ። ዳር ዳሩ ክሩ የቆመ ነው፤ መሐሉ ተልጧል።

«አንጀትሽ ውስጡ እንዲህ ነው። ምግቡን መጥጠው ለደም የሚሰጡት እነዚህ ክሮች ናቸው። አንዳንድ ሰው ላይ ስንዴ ይልጣቸዋል። ያኔ ምግቡ ሆድሽ ቢገባም ሰውነትሽ አይገባም። ስንዴውን ከተውሽ ቀስ ብለው ይበቅላሉ።»

«እርግጥ ነው?»

«እንጃ። እዚህ ምርመራ የለም። ተዪውና እንየው።»

«እና እኔ በእጄ ሳሳምማት ነው የከረምኩት?» አለች ነጋዴዋ። ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ ዳቦዬን እንዳልነካሁ ያየች ፖሊስ በሩ ላይ ቆመች።

«የምግብ አድማ ነው? የሚያድም ሰው የቤት ምግብ አይገባለትም።»

ጎደሬው ከቀረ ምን እንደምሆን አውቃለሁ። ዳቦውን ብበላ ደግሞ ያው ነው። ከተያዝኩ ጀምሮ ስናገር እግሬን ነበር የማየው። ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት።

«እህቴ፣ አድማ አይደለም። መብላት እፈልጋለሁ። ይህ ዳቦ ግን ለእኔ ምግብ አይሆንም። ጎደሬዬን አትከልክሉኝ።»

ነጋዴዋ ወዲያው፣ «ዳቦዋን እኛ እንበላለን፤ አድማ ቢሆን እኛስ እንበላ ነበር እንዴ?» አለች። ፖሊሷ በሩን ዘግታ ሄደች።

ቅዳሜ ጎደሬው ገባ፤ ለፍተሻ በቢላ ተቆራርጧል። ዳጣዬን መልሰው ሰጡኝ። አንዱን ቁራጭ አጠቀስኩና መጀመሪያ ነጋዴዋን አጎረስኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ያንቺ ዳጣ!» አለች።

ከወጣሁ በኋላ ሐኪም ቤት መረመሩኝና ስንዴ እንዳልነካ ነገሩኝ። ለምን እንደታሰርኩ የነገረኝ ግን የለም። ዛሬም ሰርግ ቤት ዳቦ ሲቆርሱልኝ ፊቴ እየጋለ «ይቅርብኝ» እላለሁ። ከታጠብኩ በኋላ ፎጣዬን እዳብሳለሁ። ክሩ ቆሟል። የአንጀቴ ክር ይብቀል አይብቀል ግን በእጄ ነክቼ ማወቅ አልችልም።