ገጹ የጠፋባት ሴት

ጊዘላ በጀርመን፣ በኤልበ ወንዝ ዳር ባለው ትንሽ ቴአትር ቤታችን ሠላሳ አንድ ዓመት አስታዋሽ ሆና ሠርታለች። ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋበት የምታቀብለው እሷ ናት። የምታዳምጠው ትንፋሽ ነው። ዝም ያለ ተዋናይ ከተነፈሰ ዝምታው የትወናው ነው፤ ትንፋሹን ከያዘ ግን ጠፍቶበታል።

ስትጀምር ከመድረኩ ሥር ባለች ጉድጓድ ውስጥ ነበር የምትቀመጠው። የዚያን ጊዜው አዘጋጅ ተመልካች እንደሌለ ሆናችሁ ኑሩ ይል ነበር፤ ተዋናዮቹ የእውነት አለቀሱ። ቀጥሎ የመጣው ለቅሶውን ከለከለ። ተመልካቹ ያስብ እንጂ አይባባ ብሎ የአዳራሹን መብራት አስበራ፤ ጊዘላንም ከጉድጓዱ አውጥቶ ከመጋረጃው ጎን አስቀመጣት። ከዚያ ደግሞ ጽሑፍ ከመብራትና ከድምፅ አይበልጥም የሚሉ መጡ። ተዋናዮቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ቃል ድንች ላጡ፤ እሷ ወደ ፊተኛው ረድፍ ተዛወረች። ወገቧን በሁሉም ወንበር ያው አመማት።

ዘንድሮ ማሬን የምትባል ወጣት አዘጋጅ መጣች።

«ጊዘላ፣ መድረክ ላይ ነሽ።»

«እኔ? ምን ላደርግ?»

«የምትሠሪውን። ኤክሃርት ሲረሳ ጮክ ብለሽ ንገሪው። ቴአትር ሲሠራ ሰው ይየው፤ ምን እንደብቃለን?»

«አንቺማ ገና ሠላሳ ዓመትሽ፤ ምን የምትደብቂው አለሽ?»

ዋናው ተዋናይ ኤክሃርት ሰባ አንድ ሞልቶታል፤ መድረክ ላይ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። በመክፈቻው ቀን ልብስ መለወጫው ክፍል በር ላይ ያዛት።

«ጊዘልዬ፣ ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ።»

«አጥናዋ እንግዲህ!»

«አጠናለሁ። አይቆይም እንጂ።»

ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ቆመ። ጊዘላ አዳመጠች፤ ትንፋሽ የለም። ብታንሾካሹክ ተከልክሏል፤ ብትጮህ ገመናው ነው። ብድግ አለችና ደብተሯን ታገላብጥ ጀመር።

«ይቅርታ፣ ገጹ ጠፋብኝ። ‹በሩን ማን ከፈተው› የምትለው ጋ ነን?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «መነጽር ግዙላት!» አለ አንዱ ከኋላ። ኤክሃርት ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። ተነፈሰ። «በሩን ማን ከፈተው?» አለና ቀጠለ።

መጋረጃው ሲዘጋ ማሬን እየሮጠች መጣች።

«ይኼ እኮ ነው ስፈልገው የነበረው! ሁልጊዜ ይግባ።»

«ሁልጊዜ?»

«የቀሩትን ሃያ ሁለት ምሽቶች በሙሉ።»

በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ገጽ ጠፍቶባት አያውቅም። በማግስቱ ዳቦ ቤት ስትገባ ሻጯ «ጊዘላ፣ ገጹ ተገኘ?» አለቻት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ዳቦዋን ይዛ ወጣች።

በእኛ ቴአትር ቤት ትርኢት ሳይጀመር፣ ገድ እንዲቀና በተዋናይ ግራ ትከሻ ላይ ሦስት ጊዜ «ቶይ» እየተባለ እንትፍ ይባላል፤ የተባለለት ሰው ማመስገን የለበትም፣ ገድ ያበላሻል። ለአስታዋሽ እንትፍ ያለ ግን ታይቶ አይታወቅም። ያን ምሽት ኤክሃርት ከመጋረጃው ኋላ መጥቶ በግራ ትከሻዋ ላይ ጎንበስ አለ።

«ቶይ፣ ቶይ፣ ቶይ።»

አፏ ሊያመሰግን ሲከፈት ከንፈሯን ነከሰች። ደብተሯን አንስታ መብራቱ ውስጥ ገባችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።