ዘህራን ያስባረራት ኩሬው አይደለም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁንም የምናገረው እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ስማኝ ብቻ።

እዚህ በስደት አገር፣ አርካዊት በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ሐጅ ጓሮ፣ ዓሣ እጠብቅ ነበር። ቆሮሶ ነው፤ እዚህ ቡልቲ ይሉታል። የዶሮዎቹ ቤት ከኩሬው በላይ በእንጨት ተሠርቷል። ኩሳቸው በወለሉ ክፍተት ይወርዳል፣ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል፣ ዓሣው ያንን ይበላል። መኖ መግዛት የለም ማለት ይቻላል። ኩሱ በዝቶ ፀሐይ ከጠፋ ግን ውሃው ይታፈናል። ስለዚህ ሐጁ በየማለዳው ክንዴን እስከ ክርኔ እንድነክር አዘዘኝ፤ መዳፌ ካልታየኝ የዶሮዎቹን ወለል በጣውላ መድፈን ነው። ሥራው ይኸው ነበር።

አልነከርኩም። ተጸየፍኩ። ይህ እጅ ግጥም የሚጽፍ እጅ ነው አልኩ። ማን ነበርኩና?

የቤቱ ሠራተኛ ዘህራ፣ የወሎ ልጅ፣ ከኩሬው አጠገብ ልብስ ስታጥብ ትስቅብኝ ነበር።

«አንቱ ባለቅኔ፣ ንከሩት እንጂ! ግጥም ውሃ አያጠራም።»

ከዚያ ሀቡብ መጣ። አቧራው ፀሐይዋን ለቀናት ሸፈናት። አንድ ማለዳ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው።

ሐጁ «ያላ፣ ተናገር! ምን ገደላቸው?» ሲለኝ ጣቴን ወደ ዘህራ ሳፋ ቀሰርኩ። «ሳሙናዋ ነው» አልኩ። አምልጦኝ አይደለም፤ አስቤ ነው ያልኩት።

«ወላሂ፣ ጠብታ አልገባም!» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ወንድምዓለም፣ አንተ እያየኸኝ አይደል የማጥበው? ንገረው እንጂ!»

ፊቴን ወደ ኩሬው አዞርኩ። የምታድረው እዚያው ግቢ ነበር፤ ሥራዋን ስታጣ ማደሪያዋንም አጣች። ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ ስትወጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

ሰዎች «ነጂስ ነው፣ የዶሮ ኩስ ያለበት ኩሬ በረካ የለውም» ሲሉ እሰማለሁ። ውሸት! ዘዴው ድሃ የሚያጠግብ ዘዴ ነው። ጉድለቱ የታወቀ ነው፣ መድኃኒቱም ጣውላ ነው። የእኔስ ጉድለት በምን ይደፈናል?

ልጅ ነበርክ ትለኝ ይሆናል። የማደርገውን አውቅ ነበር። ሐጁ ቸኩሎ ፈረደ ትለኝ ይሆናል። እሱ የነገርኩትን አመነ። ፈልገሃታል ወይ ትለኝ ይሆናል። አልፈለግኳትም። ፊቷን ፈራሁ።

ይቅርታ አልለምንህም። ምሕረቱ የእሷ ነው። አንተ በእሷ ፋንታ እንዳትምረኝ።