የሐይቅ ጉማሬዎች

የሰውን ጽሑፍ ምንጭ ሳይጠቅሱ መውሰድ ሌብነት መሆኑን ሐይቅ ከተማ ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ሳስተምር ዓመታት ተቆጠሩ። ተማሪዎቼ ትምህርቱን በደንብ ያውቁታል፤ ሌብነቱንም እንደዚያው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ በትልቁ ስጽፍ ከኋላ አንዷ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ይቺን ተረት ከማን ወሰዷት?» አለችኝ። ክፍሉ አውካካ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ሲሳቅብኝ አልወድም፣ በተለይ የሚገባኝ ሲሆን።

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ቁጣዬ በቂ ምክንያት ያገኛል። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶቹ ያለፉትን ዓመታት ጽሑፎች አስቀምጠው ሽፋኑን ብቻ እየለወጡ ለተማሪ ይሸጣሉ። ገና ያላገባች የሃያ ዓመት ልጅ በምስጋናው ገጽ ላይ «ውድ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን» አመስግና አምጥታልኛለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ መለስኩላት።

ያን ዓመት ግን የባሰ መጣ። አንድ ዝምተኛ ተማሪ ስለ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ችግር የጻፈውን አስገባ። ሲነበብ ደስ ይላል። እየተደሰትኩ ዐሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ፣ የአስጋሪዎቹ ዋና ችግር መረብ የሚበጣጥሱ ጉማሬዎች ናቸው ይላል። ቤቴ ከባሕሩ ዳር ነው፤ ጉማሬ ቢኖር ኖሮ ጎመኔን በልቶ ይጨርስልኝ ነበር። ልጁ ስለ ሐዋሳ የተጻፈ አግኝቶ «ሐዋሳ» የሚለውን ሁሉ «ሐይቅ» አድርጎታል፤ ጉማሬዎቹን ማስወጣት ግን ረስቷል። ዜሮ ሰጠሁት። ዜሮ ማለት ደግሞ አለመመረቅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህ፣ ከኋላቸው ደግሞ ፊታቸው በፀሐይ የከሰለ ሰው ቆመዋል። ወሎ ውስጥ ቄስና ሼህ አብረው ደጅህ ከመጡ ክርክርህ አብቅቶለታል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

«ልጅ ነው፣ አውፍ ይበሉት» አሉ ሼሁ።

ሦስተኛው የልጁ አባት ነበሩ። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ያጠፋውን ያንብቡልኝ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ጉማሬዎቹ ጋ ስደርስ ቄሱ ለምልጃ መምጣታቸውን ረስተው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የሼሁ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። አባትየው ግን አልሳቁም።

«ጉማሬ?» አሉ። «መምህር፣ እኔኮ ሠላሳ ዓመት እዚህ ባሕር ላይ አስጋሪ ነኝ። ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹አባዬ፣ ችግራችሁ ምንድን ነው› ብሎ አልጠየቀኝም።»

አዘንኩላቸው፤ በራሴም አፈርኩ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስለ ቅንፍና ስለ ነጠላ ሰረዝ ስለፈልፍ፣ ከሰው አፍ የተሰማም ምንጭ መሆኑን አንድ ቀን አልነገርኳቸውም። ልጁ አባቱ እንደሚጠቀሱ በምን ይወቀው?

ከዚያ በኋላ ሽምግልናው ተገለበጠ። ቄሱ «ዜሮውማ ሲያንሰው ነው» አሉ። ሼሁም «አባት እያለው ሐዋሳ ድረስ ምን አስኬደው?» ብለው ተቆጡ። ሦስቱም ገና እንደቆሙ ናቸው። በመጨረሻ ለልጁ አማላጅ የሆንኩት እኔው ነኝ። ከአባቱ ጋር ታንኳ ላይ ወጥቶ፣ ጠይቆ፣ እንደገና እንዲጽፍ ሁለት ሳምንት አስፈቀድኩለት። ያኔ ተቀመጡ።

ቀኑ ሳይሞላ አባትና ልጅ ቢሮዬ መጡ። አባትየው ስማቸው የት ጋ እንደተጻፈ ጠየቁና መረብ ያሻከረው ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ። ደስ ሲላቸው አየሁ። ከዚያ «በል አንብብልኝ» አሉት። ልጁ ጮክ ብሎ አነበበ፦ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሊራባ ወደ ደንገሉ ሥር ሲጠጋ እዚያ መረብ መጣል ነውር መሆኑን፣ የዛሬ እራት የከርሞውን እንደሚያሳጣ።

«ቁም» አሉ አባቱ። «እሱ የኔ አይደለም።»

«አባዬ፣ አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?»

«ነገርኩህ እንጂ መች ከራሴ አመጣሁት? ቀዘፋ ያስለመደኝ ሰውዬ ነው ያስተማረኝ። አላህ ይዘንለት፣ ልጅ እንኳ አልተወም። የሱን ስም ጻፍ።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ይሄስ እንዴት ነው የሚጠቀሰው?»

መመሪያዬን አገላበጥኩ። ሟች ለአስጋሪ የነገረውን፣ አስጋሪውም ለልጁ የነገረውን የሚመለከት አንድም መስመር የለውም። «ስሙን ጻፈው፣ ሌላውን ለእኔ ተወው» አልኩት።

አባትየው የሟቹን ስም ከነአያቱ ነገሩት። ልጁ ጻፈ። ሁለት ጊዜ አስነበቡትና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«አሁን ያስመርቁት።»